ነፋስ መውጫ ሲያጣ

የልጅ ልጄን ኮምፒዩተር ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ እኔ በዛብሽ ኃይለማርያም፣ ፊደል ያልቆጠርኩት። ያመሰገነኝ ግን የለም። ምስጋናው ከያቤሎ ድረስ ቦርሳ አንጠልጥሎ ለመጣው ለኮምፒዩተር ጠጋኙ ለወንዶሰን ሆነ። ለእሱ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፈተለት። ለእኔ «እማማ፣ ከመንገድ ላይ ዞር ይበሉ» ተባለልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቦራ የልጄ ልጅ ናት። እዚሁ ነገሌ ቦረና፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታወጣለች፣ የሰርግ ቪዲዮ ትቆርጣለች። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ቆርቆሮው በሙቀት ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር፣ ሲፒዩ የሚሉት ጥቁር ሳጥን አብሮ ያቃስታል፤ ያቃስት ያቃስትና ድርግም። ሙሽራዋ ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋ እንዳነሳች ትጠፋለች። ዲቦራ ራሷን ትይዛለች፤ የሙሽራዋ እናት በር ላይ ቆማ ታጉረመርማለች።

ዲቦራ መላ አገኘሁ ብላ ፋን የሚሉትን ትንሽ ማራገቢያ ጨመረችበት። ከፊት አንድ ነበረው፤ ከኋላ አንድ፣ ከላይ አንድ ገጠመች። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። እኔ ጥግ ይዤ ሳየው ነገሩ አላማረኝም። ከነጠላዬ ጫፍ አንድ ክር መዘዝኩና ከፊተኛው ፋን አጠገብ ያዝኩት፤ ክሩ ወደ ሳጥኑ ተሳበ። ከኋለኛው ያዝኩት፤ ተሳበ። ከላይኛው ያዝኩት፤ እሱም ተሳበ።

«ዲቦራ፣ ሦስቱም አስገቢ ናቸው። አስወጪው ማነው?»

«እማማ፣ ይሄ ኮምፒዩተር እኮ ነው።»

«ኮምፒዩተር ቢሆን ነፋስ አያውቀውም?»

«አንቱ ደግሞ! የወጥ ቤት ጭስ አደረጉት እኮ» ብላ ሳቀች። ወረፋ የያዙት ሰዎችም ሳቁ። አንዱማ ጥርስ እንኳ ሳይኖረው ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ወንዶሰን መጣ። ሳጥኑን ፈታ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ምላሱን ጠጭ አደረገ። «ዲቦሪዬ፣ ሦስቱንም ወደ ውስጥ አዙረሽ ገጥመሻቸዋል። ትኩሱ አየር በየት ይውጣ? የፊቱ ቀዝቃዛውን ያስገባ፤ የኋላውና የላዩ ትኩሱን ያስወጡ። ይኸው ጎናቸው ላይ ቀስት አለ፤ ነፋሱ የሚሄደው ቀስቱ ወዳሳየው ነው።» ሁለቱን ፈትቶ ገለበጣቸው። በነፋሱ መንገድ ላይ የተዝረከረኩትን ሽቦዎች ሰብስቦ አሰረ። ከግድግዳ ጋር የተለጠፈውን ሳጥን ክንድ ያህል አራቀው። ያን ቀን ሙሽራዋ ኬኩን ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ አጎረሰች፤ እስከ ማታ አልጠፋችም።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችው ዲቦራ።

ቅናት እንደ ቃር ደረቴ ላይ ወጣ። ሰባ ዓመት አልፎኝ በአንድ ቦርሳ አንጠልጣይ ቀናሁ። አላፍርበትም፤ ይህን ቃር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ዲቦራን አስቀመጥኳት። «ማሽኑ ተሽሎት የለም? በይ ጻፊ። እኔ የምልሽን ጻፊና ግድግዳው ላይ ለጥፊው። በዛብሽ ይህን ነገር በዘጠኝ ዓመቷ ታውቀው እንደነበር የመጣ የሄደው ያንብብ።»

«ከየት አወቁት?» አለችኝ፣ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ።

ከየት እንዳወቅኩት እንግዲህ ይኸው።

አባቴ አሥር አለቃ ኃይለማርያም የመንዝ ሰው ነው። ነገሌ ጦር ሰፈር የሬዲዮ ወታደር ነበር። ቁም ሳጥን የሚያክል ሬዲዮ ነበረው፤ ሆዱ ውስጥ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች ቀይ ሆነው ይበራሉ። አባቴ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ በዚያ ሳጥን ከዓለም ሁሉ ጋር ይነጋገራል። ቤት ሲመጣ ግን ዝም ነው። ቃሉን ሁሉ ሬዲዮው ጠጥቶ ባዶውን የሚልክልን ይመስለኝ ነበር።

ያ ክፍል ለእኔ የተከለከለ ነው። ምሳውን በሳህን ይዤ እስከ ደፉ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ «ሴት ልጅ እዚህ አትገባም» ይለኛል። ሳህኑን ከደፉ ላይ ይቀበለኛል። የጣቴ ጫፍ እንኳ ደፉን አያልፍም።

ክፍሉ እንደ ዲቦራ ቤት ቆርቆሮ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ይግላል፣ ያንቧርቃል፣ ዝም ይላል። አባቴ እንዳይቃጠልበት ቶሎ ያጠፋውና ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን አለቃው ሻምበል አምሀ ደፉ ላይ ቆሞ ሲናገር ምሳ ይዤ ደረስኩ። ጫማው ያብለጨልጫል፤ አቧራ እንኳ የሚፈራው ሰው ነበር።

«አሥር አለቃ፣ ይህ ሬዲዮ የእኔም የአንተም እንጀራ ነው። ከእንግዲህ በእኩለ ቀን ዝም ቢለኝ አንተ ጠረፍ ትወርዳለህ፤ ቤቱንም ለሌላ ትለቃለህ።»

«አቤት ጌታዬ» አለ አባቴ።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ግን ሲሚንቶ ወለል ነበራት። ከጦር ሰፈሩ ሴት ልጆች ሲሚንቶ ላይ የምትተኛው እኔ ብቻ መሆኔን ለሁሉም ነግሬ ነበር። ስለዚህ ጠረፍ ምን እንደሆነ ባላውቅም ቤት መልቀቅ ምን እንደሆነ ገባኝ።

አባቴ ከመኮንኖች ክበብ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ለምኖ አመጣ። አንዱን በግራ መስኮት፣ አንዱን በቀኝ መስኮት አደረገና ሁለቱንም ወደ ሬዲዮው አዞራቸው። ልክ እንደ ዲቦራ። ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ሁሉ ተነሥቶ በረረ፤ ሬዲዮው ግን ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ማንቧረቅ ጀመረ። ትኩሱን ነፋስ መልሶ መላልሶ ያጠጣው ነበር።

ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ ቱሜ የመጣችው።

ቱሜ የጃታኒ ልጅ ናት። ጃታኒ ከሰፈሩ ወዲያ ላሞች ያሉት ቦረና ነው። ልጁ በየማለዳው ወተት በጮጮ ይዛ ትመጣለች፤ እኩያዬ ናት፣ ከእኔ ቀጠን ትላለች፣ አንገቷ ላይ ጨሌ አለ። «አካም» ትላለች ከደጅ። እናቴ «ናጋ፣ ግቢ ልጄ» ትላታለች። እኔ አልመልስም። «ልጄ» የሚለው ቃል በቤታችን አንድ ባለቤት ብቻ እንዳለው ነበር የማውቀው።

ከሬዲዮው ክፍል ጀርባ ከአባቴ ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነበር። አገራችን ኩይሳ ሞልቶታል፤ ምስጦቹ ቀይ አፈር እያላመጡ እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ይሠሩታል፣ አናቱ ክፍት ነው። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴን ከክፍሉ አጣሁት። ዞር ብዬ ባይ ከኩይሳው ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ከጎኑ ቱሜ። ቁልቋሉ ጀርባ ተደበቅኩ።

ቱሜ እጇ ውስጥ የጅግራ ላባ ይዛለች፤ ያን ከጅግራዋ ሆድ ሥር የሚነጨውን እንደ ጥጥ የሚለሰልሰውን። ከኩይሳው ግርጌ ካለች ትንሽ ቀዳዳ አጠገብ ለቀቀችው። ላባው ተሳበና ቀዳዳው አፍ ላይ ተለጠፈ። አባቴ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ «አባ፣ ተሸከመኝ» አለችው። ተሸከማት! በሁለት እጁ ብብቷን ይዞ ወደ ላይ አነሣት። ከኩይሳው አናት ላይ ሌላ ላባ ለቀቀች፤ ላባው ወደ ሰማይ ተተፋ፣ እየተሽከረከረ ከጣሪያው በላይ ሄደ።

«ከታች ይገባል፣ ከላይ ይወጣል» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ምስጥ ቤት ሙቀት የለ።»

አባቴ ሳቀ። ጥርሱን ሁሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወርቅ የሚመስል ጥርስ ከኋላ አለው፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር አላየሁትም ነበር። ያሳየው ለእሷ ነው።

ሳህኑ ውስጥ ምራቄን እንትፍ አልኩበትና ከደፉ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ይኸንንም ጻፊው፣ ዲቦራ፤ አትዝለይው።

በማግስቱ አባቴ መሮ ይዞ ከክፍሉ በስተጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር የመስኮት ያህል ቀዳዳ በሳ። አንዱን ማራገቢያ የጥይት ሳጥን ላይ ሳጥን ደራርቦ እዚያ ሰቀለው፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረው። ሌላውን ዛፍ ያጠላበት መስኮት ሥር ወለሉ ላይ አኖረው፤ እሱ ወደ ውስጥ ይነፋል። ያኛውን ፀሐይ የሚመታውን መስኮት በጆንያ ዘጋው። ዛሬ ወንዶሰን በቀስትና በቦርሳ የሚለው ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛው ከታች ይግባ፣ በሚግለው ላይ ይለፍ፣ ትኩሱ ከላይ ይውጣ፣ ሌላው ቀዳዳ ይዘጋ።

ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ዘፈነ።

እኔስ ይህን እንዴት አየሁ? ከደፉ ነዋ፣ ሳህን ይዤ። ቱሜ ግን ውስጥ ነበረች። «ሴት ልጅ እዚህ አትገባም» የተባለበት ክፍል ውስጥ፣ በአባቴ ወንበር ላይ፣ እግሯ ወለል ሳይነካ እየተወዛወዘ። ላባ በየቦታው እየለቀቀች «ይገባል፣ ይወጣል» ትለዋለች። ያን ጆሮ ላይ የሚደፋውን ነገር ሳይቀር ደፋላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የምትሰማው ለእኔ የማይነግረኝን ነገር ሁሉ መሰለኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ሳህኑን እዚያው ተይው» አለኝ አባቴ ሳያየኝ።

ሳያየኝ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ አላይ አለ። እናቴና አባቴ ክፍሏን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ሲያወሩ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠግቼ አደምጥ ጀመር።

«ጃታኒ ይሰጣል?» ትላለች እናቴ።

«አንድ ወር ለመንኩት። እሺ ብሏል።»

«መቼ?»

«ከመስከረም ጀምሮ። ሁለቱ አብረው ይሁኑ። አንድ ዓይነት ልብስ ስፊላቸው።»

«ለበዛብሽ እንንገራት?»

«ተያት፤ ሲደርስ ታየዋለች። አሁን ከሰማች እንቅልፍ የላትም።»

እውነቱን ነው፤ እንቅልፍ አልነበረኝም። በቦረና አገር ጉዲፈቻ የሚባል ነገር እንዳለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ ልጁን ለሌላው ይሰጣል፣ የተሰጠችውም ከአብራክ እንደወጣች ልጅ ሆና ታድራለች። ጃታኒ ይሰጣል። ሁለቱ አብረው ይሁኑ። ሌላ ምን ትርጉም አለው? በሲሚንቶው ላይ ሁለት ልንተኛ ነው። ከዚያ ደግሞ የምትስቀው፣ የምትታቀፈው፣ ክፍሉ የምትገባው እሷ ትሆናለች፤ እኔ ሳህን አመላላሽ።

እናቴ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛች። እኔን ለካችኝ፤ በማግስቱ ቱሜን ለካቻት። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት አንገት፣ አንድ ዓይነት ኪስ። ቱሜ ደጃችን ላይ ለብሳ ዞረች፤ የበር ጠባቂው ወታደር ሳይቀር «አይ ያማረባት!» አለ። እኔን ማንም አማረባት አላለኝም፤ ቀሚሴን ከሳጥን ውስጥ አላወጣሁትማ።

ያ ሰማያዊ ጨርቅ ምን እንደነበር የሰማሁት ከተዳርኩ በኋላ ነው፣ ከእናቴ አፍ። የትምህርት ቤት ልብስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሰፈሩ ሩቅ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ በጫካ ውስጥ የሚኬድ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክም። ቱሜ ግን ያንን ጫካ እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች፤ ጅብ አትፈራም፣ እባብ አትፈራም። አባቴ ጃታኒን አንድ ወር የለመነው እኔ የምማርበትን እግር ፍለጋ ነው። «የእኔ ልጅ ከልጅህ ጋር ትሂድ፤ ሁለቱም ይማሩ» ብሎት። የተለመነው ለእኔ ነበር። እንግዲህ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምን አውቄ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሬዲዮው ጤነኛ ከሆነ ወር ሞልቶት ነበርና አባቴ እንደ ድሮው ጠዋት ማታ አይጠብቀውም፤ እየሠራ ትቶት፣ የመጣውን መልእክት ወደ ሻምበሉ ቢሮ ያደርሳል። በሩን ገርበብ አድርጎት ሲሄድ አየሁት። ቤት ገባሁ፣ ሰማያዊውን ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ። ለምን እንደለበስኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ቱሜን የሚያስገባት ቀሚሱ መስሎኝ ይሆናል።

ደፉን ተሻገርኩ። መሬቱ አልተከፈተም፤ ማንም አልጮኸም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያ ነው ያናደደኝ። እሷ ያመጣችው ቅዝቃዜ ነበር። ሳጥኖቹ ላይ ወጣሁ፤ ከቀዳዳው የተሰቀለውን ማራገቢያ በሁለት እጄ አቅፌ እየታገልኩ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞርኩት። የደጁ ትኩስ ነፋስ፣ የቆርቆሮው ወላፈን፣ ፊቴን ገረፈኝ። ደስ አለኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ለራሴ «አባቴ የበለጠ እንዲቀዘቅዝለት ብዬ» እል ነበር። ውሸት ነው። የኩይሳው ነገር እንዲከሽፍ ነው ያዞርኩት። ቱሜ ውሸታም ሆና እንድትታይ ነው።

ቤት ተመልሼ ቀሚሱን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ሜዳ ወጥቼ ጠጠር መጫወት ጀመርኩ። አምስተኛዋን ጠጠር ሳነሣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ ሲፈነዱ ተሰማ፤ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንድሻ። ወታደሮች በባልዲ አፈር ይዘው ሮጡ። አባቴም ሮጠ፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሻምበል አምሀ ሁላችንንም ከክፍሉ ፊት አቆመን። ቱሜም ተጠርታ መጣች፤ ባዶ ጮጮዋን ልትወስድ ደጃችን ነበረች፤ እናቴ እንድትለካው ብላ ሰማያዊውን አልብሳታለች።

«ማን ገባ?» አለ ሻምበሉ።

በር ጠባቂው ተጣደፈ። «ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ስትወጣ ከጀርባዋ አይቻለሁ ጌታዬ። ይህቺው የወተቷ ልጅ ናት። ሌላ ማን ይገባል? አሥር አለቃ የሚያስገቧት እሷን ነው።»

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ እዚያ ክፍል አልገባም» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «አባቴ ሴት ልጅ አትገባም ብሎኛል።»

እንዴት ያለ ጥሩ መልስ! ስቃጠልበት የኖርኩት ክልከላ ጋሻ ሆነኝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው፣ ይህቺ ከደፉ አታልፍም።

አባቴ ክፍሉን አየ፤ የተዞረውን ማራገቢያ አየ፤ ሳጥኖቹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አልቆመም፤ ወደ እጄ ወረደ። እኔም አየሁት፤ ጣቶቼ በማራገቢያው ቅባት ጠቁረዋል። እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ቱሜም ከጎኔ ነበረችና ጣቴን አየች።

አባቴ አፉን ከፈተ። አሁን ነው የሚናገረው፣ ለእሷ ብሎ እኔን ሊሰጥ ነው አልኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አለ። «በሩን ሳልቆልፍ ሄድኩ።» ሌላ አልጨመረም። ልጅቷ አይደለችም አላለም።

ጃታኒ ዱላውን ይዞ መጣ። ማንንም አልተሳደበም፤ አባቴን ብቻ ረጅም አየውና የልጁን እጅ ያዘ። ቱሜ «ቆይ» አለችው። ቤታችን ገብታ ሰማያዊውን ቀሚስ አወለቀች፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ደፋችን ላይ አስቀመጠችው። እናቴ እያለቀሰች ልትመልስላት ሞከረች። ቱሜ አልተቀበለችም። በእኔ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ እጆቼ ወደተደበቁበት አየች። «ናጋ» አለችኝና ሄደች። ሰላም ማለት ነው። ያን ቀን የመለስኩላት ሰላምታ የለም።

ከዚያ ወዲያ ወተት አልመጣም። አባቴ ጠረፍ ወረደ፤ እኛ ሲሚንቶዋን ቤት ለቅቀን ከተማ ውስጥ የጭቃ ቤት ተከራየን። መስከረም መጣ፣ ሄደ። የሚያደርሰኝ ጓደኛ የለም፤ እኔም ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ። እናቴ ሁለቱንም ቀሚስ ፈታ ትራስ ልብስ አደረገቻቸው። በዚያ ትራስ ላይ እስክዳር ተኛሁ፤ ምን ላይ እንደተኛሁ ሳላውቅ።

እናቴ የልብሱን ነገር በነገረችኝ ቀን አንድ ነገር ጨመረችልኝ። አባቴ ጠረፍ ሊወርድ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳላት። ያን ሌሊት አልሰማሁትም፤ ደስ ብሎኝ ተኝቼ ነበር።

«ኩይሳውን ያሳየችኝ ልጅ ነፋሱን መልሳ አታዞርም» አላት። «የገዛ ልጄን ጣት አይቻለሁ እሙሽ። ግን ልጄን ለሻምበሉ እንዴት ልስጥ?»

ከእኔ አስበልጦ ይወዳታል ብዬ ነበር የቀናሁት። እሱ ግን ለእኔ ብሎ እሷን ሸጣት። የሚወደው እኔን ነበር፤ ፍቅሩን ባውቀው ኖሮ ባላቃጠልኩት። ባላቃጥለው ኖሮ ደግሞ ፍቅሩን አላውቀውም ነበር። ይህን ነገር ስንት ዓመት አላመጥኩት፤ አሁንም አልዋጥ ብሎኛል።

እዚህ ላይ ዲቦራ መጻፏን አቆመች። ፋኖቹ ብቻ ይሰማሉ፤ በደንብ ነው የሚተነፍሱት።

«ቱሜ በሕይወት አለች?» አለችኝ።

አለች። አምና አብዱባ የሚባል ጎልማሳ መጥቶ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ አላስነሣም? አንቺ ረስተሽዋል። እኔ እዚሁ ጥግ ነበርኩ። ከየት መጣህ ስለው ከዱብሉቅ አለ። «እናቴ ልጅ ሆና እዚህ ጦር ሰፈር ወተት ታመላልስ ነበር፤ ቱሜ ጃታኒ ይሏታል» አለ። ለምን አንድ ቀን ይዘሃት አትመጣም ስለው ሳቀ። «ነገሌ ብሎ ነገር አትሰማም። እዚያ አገር ስሜ የሬዲዮ አቃጣይዋ ነው ትላለች።» ሻይ አዘዝኩለት፤ ማን እንደሆንኩ ግን አልነገርኩትም። ሻዩን ጠጥቶ «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ።

በወንዶሰን የቀናሁት ስሜን ወሰደብኝ ብዬ ነው። ስሙ ግን መች የእኔ ነበር? ክሩ የነጠላዬ ነው፤ ዕውቀቱ የላባው ባለቤት የቱሜ ነው። እኔ ከደፍ ላይ ቆሜ በቅናት ዓይን የሰረቅኩት ነው። ስልሳ ዓመት እሷ በጥፋቴ ስትጠራ፣ እኔ በዕውቀቷ ልመሰገን ግድግዳ ላይ ልለጠፍ!

በይ ዲቦራ፣ አትፍዘዢ። ግድግዳው ይቅር። ከላይ የእኔን ስም አድርጊ፣ በዛብሽ ኃይለማርያም፣ በትልቁ፣ ስሜ ይጠራ ስል አልነበር? ከሥሩ «ማራገቢያውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ቱሜ ጃታኒ አይደለችም» ብለሽ ጻፊ። በአማርኛም በኦሮምኛም አድርጊው። አውጪውና ማኅተም እንዳለው ወረቀት አጣጥፊልኝ። ነገ ሱቁን ዘግተሽ ዱብሉቅ ትወስጂኛለሽ። ሙሽሮቹ ይጠብቁ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ለምን እንደማልችል ጽፈሻል። ስለዚህ ከፊቷ ቆመሽ አንቺ ታነቢላታለሽ፤ ልጇ አብዱባ፣ ጎረቤቶቿ፣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። እኔ በደፏ ላይ እቆማለሁ። ግቢ ካላለችኝ አልገባም።